የተቀበረው የአረፋ ሥጋ

እኔ ይቅርታ መጠየቅ አይሆንልኝም። ሲፈጥረኝ አልሰጠኝም። ሟቹ ባሌ ሲዲግ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ኒዕማ ይቅርታ ከምትጠይቅ ኻርቱምን በእንብርክኳ ትዞራለች» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አልዋሸም። ካላክላ ገበያ ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር ሻይ ስሸጥ ነው ያረጀሁት፤ ስኳሩ በዛብኝ ላለኝ ሰው እንኳ መልሴ «ሂድና ምላስህን ታከም» ነበር። ደንበኞቼ ለሻዩ ይምጡ ለስድቡ ዛሬም አላውቅም።

ታዲያ እንደኔ ላለችው ሰው እግዜር ይቅርታ ካልጠየቁ የማይገባ አዲስ ዓመት ሰጣት። ወይ ጉድ!

መቼም ሁሉም ነገር ከተበታተነ በኋላ የምደብቀው ምን አለኝ፤ ልናገረው። ኒዕማ የኻርቱም ስሜ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ማዘንጊያ ነው። የተወለድኩት ወገራ ነው፤ ቤተ እስራኤል ነን። አገሬው ፈላሻ ይለናል። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ከእናቴና ከወንድሜ ከበየነ ጋር በእግራችን ሱዳን ገባን፤ ኢየሩሳሌም ልንሄድ። እነሱ ሄዱ። እኔ ሲዲግን ወድጄ ቀረሁ። እናቴ እዚያው ሞተች ብለው በሰው በሰው ነገሩኝ። ያንን ታሪክ አሁን አላወራውም፤ ካወራሁት አያባራም።

ሲዲግ ማን እንደሆንኩ ያውቅ ነበር፤ «ይህንን ለእኔም ደግመሽ አትንገሪኝ» አለኝና በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ እንደ ሰዉ ሰገድኩ፣ እንደ ሰዉ ረመዳንን ጾምኩ። ሰንበቴን ተውኩ፣ ስሜን ተውኩ። አንድ ነገር ብቻ አልተውኩም፤ የእኛ ሰው ያልባረከውን ሥጋ አልበላም። ለጎረቤት ሁሉ «ሥጋ አይስማማኝም» አልኩ። ልጄ ነሕላ እንኳ «እማማ ሥጋ አትወድም» እያለች ነው ያደገችው፤ ዛሬም ካይሮ ሆና በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ «ምስር በልተሃል?» ትለኛለች፣ እንደ ወንድ። እግዜር ይህቺን አንዲት ነገር ሲያይ ሌላውን ይተውልኛል ብዬ ነበር መሰለኝ።

አዲስ ዓመታችን ብርሃን ሠረቀ ይባላል። ክረምቱ ሲወጣ በምትታየው አዲስ ጨረቃ ነው የሚገባው። እናቴ ያ ሰሞን ሲቃረብ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ሸክላ መሥራቱን ትተውና ወንዝ ወርዳ ገላዋን ታጥባ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ዓመቱን ሙሉ የሠራችውን በሐሳቧ ታገላብጣለች። ማንን አስከፋሁ? ማንን ሰደብኩ? የተሰነጠቀ ማሰሮ እያወቅኩ ለማን ሸጥኩ? ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ በየሰዉ ደጅ ትሄዳለች። እኔ ትንሽ ሆኜ «ለምን እግዜርን አትጠይቂውም?» ስላት «እሱን የበደልኩትን እሱ ይተውልኛል፤ ጎረቤታችንን አስካለን የበደልኩትን ግን አስካለ ሳትምረኝ እሱ ምን አግብቶት ይምረኛል?» አለችኝ። ጨረቃዋ ሳትታይ ነው ታዲያ። ከታየች በኋላማ ዓመቱ ከነበደሉ ገባ ማለት ነው።

እኔም እዚህ ሌላውን ሁሉ ስተው ያቺን ቁጭ ብሎ ማሰብ አልተውኩም። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ነጭ ዓባይ ዳር ወርጄ እጄንና እግሬን እታጠብና እቀመጣለሁ። ሰው ሲያየኝ ንፋስ የምቀበል ይመስለዋል። ማሰቡን አስባለሁ፤ ወደ ሰው ደጅ ግን አንድ ጊዜም ሄጄ አላውቅም። ስጨርስ ቀሚሴን አራግፌ ወደ ሻዬ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ግን ዘምዘም ነበረች።

ዘምዘም የወሎ ልጅ ናት፣ የሐርቡ። ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አርብ አርብ ዕረፍት ስታገኝ ካላክላ ያሉ የአገሯን ልጆች ልትጠይቅ ትመጣና እኔ ጋ ሻይ ትጠጣለች። እኔ ስሳደብ ከት ብላ የምትስቅ እሷ ብቻ ነበረች። ጦርነቱ ሲፈነዳ አሠሪዎቿ «ቤቱን ጠብቂ፣ እንመለሳለን» ብለዋት መኪናቸውን ጭነው ወደ ግብፅ ሄዱ። ፓስፖርቷንም ይዘውባት ሄዱ። ቤቱን ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ታጣቂዎቹ በፊት በር ሲገቡ እሷ በጓሮ አጥር ዘላ ወጣች። ስልኳን መንገድ ላይ ነጠቋት። ስንት ቀን ተንከራትታ እኔ ጋ ስትደርስ አንድ እግሯ ባዶ ነበር።

«ኻልቲ፣ ለዛሬ ብቻ አሳድሪኝ» አለችኝ። ኻልቲ ነው የምትለኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው።

«ግቢና መጀመሪያ እግርሽን ታጠቢ፤ ምንጣፌን አደራ!» አልኳት። ለዛሬ ብቻ ያለችው ልጅ ሁለት ዓመት ተቀመጠች።

ሁለት ዓመት ስላችሁ ደግሞ እንዲሁ ሁለት ዓመት እንዳይመስላችሁ። ጥይት ጣሪያ ሲበሳ አንድ አልጋ ሥር ተጋድመናል። በአህያ ጋሪ የሚመጣው ውኃ ሲጠፋ እሷ ነበረች ከወንዝ የምትቀዳው። እኔ የሰፈሩ ሰዎች በሚያበስሉት የተኪያ ምግብ ወረፋ እቆማለሁ፤ ምስርና ፉል። «ኻልቲ፣ ምስር ብቻ እየበላሽ ልብሽም ምስር አክሎ ቀረ» ትለኛለች። «ያንቺ ምላስ ምን በልቶ ረዘመ ታዲያ?» እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው ያለፍነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ አብጄ ነበር።

ዘንድሮ ከተማዋ ትንሽ ጋብ ስትል የትንኝ ትኩሳት መጣ። እኔን ጣለኝ። አጥንቴን ሁሉ ሰብሮ አስተኛኝ። ዘምዘም ግንባሬን እርጥብ ጨርቅ እያለበሰች አስታመመችኝ፤ የወለድኳት ነሕላም ከዚህ በላይ አታደርግም። ከአልጋዬ ስነሳ አረፋ ደረሰ። በአረፋው ቀን ዘምዘም ከማለዳ ጀምራ ጠፋች፤ ከቀትር በኋላ ነው ፊቷ በላብ ተጠምቆ የመጣችው። ከቶቧ፣ ከተከናነበችው ልብስ ሥር በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሥጋ። ከታፋው፣ ስብ ያለው፣ ገና ያልጠቆረ።

የሩቅ ሰፈር ሰዎች አንድ በግ አርደው ነበርና ልብስ አጥባላቸው ነው የሰጧት። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ሊቀማት ሲል «የታመመች እናት አለችኝ» ብላ አልቅሳ እንዳስለቀቀችው ነገረችኝ። እናት አለችኝ ብላ! «ሥጋ አይስማማኝም እንዳትዪኝ» አለች፣ «ወላሂ አልሰማሽም። ደምሽ አልቋል። ይህቺን ካልበላሽ አትነሺም።» ቀቀለችልኝ። ለራሷ መረቁን ብቻ አስቀረች።

እምቢ ማለት አቃተኝ። እኔ፣ ለሹም እምቢ የምለዋ፣ ለዚያች ልጅ እምቢ ማለት አቃተኝ። መብላትም አቃተኝ። ወደ አፌ አስጠጋሁት፤ ሽታው ሆዴን አንጫጫው፣ ርቦኛላ! ግን እናቴ ፊቴ ድቅን አለችብኝ። ያን ሁሉ ዓመት የያዝኳትን አንዲት ነገር ዛሬ ብለቃት ምን ቀረኝ አልኩ። «ክፍሌ ገብቼ ቀስ ብዬ ልብላው» አልኳት። እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ በዚያው ጨርቅ ጠቅልዬ ጓሮ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ቀበርኩት። ስትመለስ ከንፈሬን እየጠረግኩ «እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ይጣፍጣል መሰለሽ!» አልኳት። ፊቷ በራ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለው ፊት አላየሁም።

በማግስቱ የተራቡት የሰፈር ውሾች ቆፍረው አወጡት። ዘምዘም ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሥጋውን አየችው፣ የራሷን ጨርቅ አየችው። ጨርቁን ይዛ ገባች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ኻልቲ፣ የተሰረቀ መስሎሽ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ከየቤቱ የተዘረፈ ዕቃ ገበያ ላይ ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። «በአረፋ ቀን የሰው ሐቅ ያመጣሁልሽ መስሎሽ ነው? ወይስ እጄ ነው ያስጠላሽ?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። ግን ፍርሃት ያዘኝ። ሰው ስልኩ ውስጥ በተገኘ ፎቶ በሚታሰርበት ጊዜ ፈላሻ ነኝ ብል፣ ወሬው ወጥቶ የእስራኤል ሰላይ ቢሉኝስ? እሱስ ይቅር፤ እሷ ራሷ እንደ አገራችን ሰው ቡዳ ናት ብላ ብትሸሸኝስ? ዝም ብዬ ብቀር ጥሩ ነበር። ይህ አፌ ግን! «በቤቴ የምበላውን አንቺ አትመርጪልኝም» አልኳት።

ዘምዘም ጨርቁን አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ያላትን ሁለት ቀሚስ በፌስታል ያዘች። «ስላሳደርሽኝ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ከአገሯ ልጆች ጋር እንደገባች ኋላ ሰማሁ። አልሄድኩም። ነገ እሄዳለሁ አልኩ፣ ከነገ ወዲያ አልኩ፤ ደግሞ ተናደድኩ፣ ራሷ ትምጣ አልኩ። ክረምቱ እንዲሁ ሄደ።

መውሊድ አለፈ። የመውሊድ ጨረቃ እየከሳች እየከሳች ሄዳ ጠፋች። የምትተካዋ የእኔ ናት። በዚያን ቀን ማለዳ እንደ ልማዴ ነጭ ዓባይ ዳር ወርጄ ታጠብኩና ተቀመጥኩ። በየዓመቱ ብዙ ነገር ነበር የማገላብጠው፤ ዘንድሮ ግን ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ያ የበራ ፊት ብቻ። እግዜርን ላስደስት ብዬ የያዝኩት አንድ ነገር ለእኔ መልካም የሆነችውን አንዲት ሰው አቆሰለ። ለእግዜር ነበር ግን? ወይስ እናቴን ትቼ መቅረቴን ለመሸፈን? እዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዓሣ አጥማጁ ትኩሳቱ የተነሳብኝ መስሎት «ሐቡባ፣ ልደግፍሽ?» አለኝ። ሐቡባ አያቴ ማለት ነው። «ራስህን ደግፍ!» አልኩት። ሳለቅስም አልሻልም።

ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤቴ ሂሻም ሪክሻውን፣ ባጃጁን፣ ሲጠርግ አገኘሁት። «ኻላ ኒዕማ፣ ያቺ ያንቺ ሐበሻ ልትሄድ ነው አሉ» አለኝ በአረብኛ። «ጀሪፍ ያሉትን ሴቶች ሎሪ ዛሬ ወደ ገዳሪፍ ይወስዳቸዋል። ከዚያ ወደ መተማ፣ ወደ አገራቸው። ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ከከተማው ይውጣ ተብሏል።»

ዛሬ! ጨረቃዋም ዛሬ፣ ሎሪውም ዛሬ።

«ሂሻም፣ ያላ፣ አስነሳው» አልኩት።

«ቤንዚን የለኝም እኮ...»

«አንተ ልጅ፣ ስታለቅስ ያደግከው በማን ሻይ ነው? አስነሳው ብያለሁ!» ከጎረቤት ለምኖ ሞላ።

ከካላክላ እስከ ጀሪፍ ድሮ በሃፍላ፣ በአውቶቡሱ፣ እየተጋፋን፣ ኮረዳ በኮረዳ ላይ ተቀምጣ፣ ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር የምንሄደው። አሁን መንገዱ ዳር የተቃጠለ መኪና፣ በሩ የተነቀለ ሱቅ፣ ሽቦው ከግድግዳው ተመዝዞ የወጣ ቤት ነው። ሪክሻው ውስጥ የምናገረውን እለማመድ ነበር። «ዘምዘም፣ እኔ ማዘንጊያ ነኝ። ቤተ እስራኤል ነኝ። ሥጋውን የቀበርኩት ንቄሽ አይደለም።» ሦስት ነገር ብቻ። ሂሻም አማርኛ አይሰማ፤ ጮክ ብዬ ደጋገምኩት። ቀላል መሰለኝ።

ኬላው ላይ አንድ ለጋ ወታደር መታወቂያዬን አገላበጠ። «ሐቡባ፣ ወዴት ነው?» አለኝ። «ልጄን ልሸኝ» አልኩት። ሳላስበው ነው የወጣው። ግን ውሸት ሆኖ አልተሰማኝም።

ጀሪፍ ስንደርስ ሎሪው ግቢው ደጅ ቆሟል፤ ፍራሽ፣ ባልዲ፣ ጆንያ፣ በላዩ ላይ ሴቶች። ዘምዘም ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፣ ያችኑ ፌስታል ታቅፋ። ከስታለች። አየችኝና ቀስ ብላ ወረደች። የቤቱ ባለቤት ሬሕማም ከግቢው ወጥታ ቆመች፤ ሱዳናዊ ያገባች ስለሆነች እሷ አትሄድም። ሾፌሩ ጎማ ይረግጣል፤ ከጎኑ ስም የሚጠራ ኮስታራ ሰው አለ። ከላይ ያሉት ሴቶች በሙሉ ወሬያቸውን አቁመው እኛን ያያሉ።

«ደህና ነሽ ኻልቲ? ትኩሳቱ ተወሽ?» አለችኝ።

«ተወኝ።»

«ሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ጠበቀችኝ። ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። አፌን ከፈትኩ። ኮስታራው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ከሎሪው ላይ አንዷ አንገቷን አሰገገች።

«ማዕሌሽ» አልኩ።

ኻርቱም ውስጥ ማዕሌሽ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሃፍላ ውስጥ እግር የረገጠህ ሰው ማዕሌሽ ይልሃል። ሻይ ቀሚስህ ላይ ያፈሰሰችብህ ማዕሌሽ ትልሃለች። ቤትህ ቢቃጠልም ማዕሌሽ ነው። የማይከፈልበት ቃል ነው። ለዘምዘም የሰጠኋት እሱን ነው።

«ማዕሌሽ ኻልቲ፣ ምንም አይደለም» አለችኝ፣ እንደ ደንቡ። አሁንም ግን አልሄደችም። «ሌላ የምትነግሪኝ አለ?» አለች ቀስ ብላ።

ነበር እኮ! ነበር!

«መንገድሽን ያቅናው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች። «አብሽሪ» አለችኝ፣ የወሎ ሰው ሲያጽናና እንደሚለው። እኔን ልታጽናናኝ! ሎሪው ላይ ወጣች። ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ፤ አቧራው ተነሳ፤ እኔ እጄን እንደ ዘረጋሁ ቀረሁ። አቧራው ሲረግፍ መንገዱ ባዶ ነበር።

ሬሕማ እጄን ይዛ ወደ ግቢ አስገባችኝና ውኃ ሰጠችኝ። ከዚያ ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር አንድ ካርቶን አመጣች። ውስጡ ዶሮ አለች። ቀይ ቄብ፣ እግሯ በጨርቅ ቁራጭ የታሰረች። ጨርቁን አወቅኩት፤ የዘምዘም የራስ ሻሽ ነው።

«ዘምዘም ናት ለአንቺ የተወችልሽ» አለችኝ።

«ዶሮ? ለእኔ? ሥጋ እንደማልበላ እያወቀች?»

ሬሕማ አጠገቤ ተቀመጠች። «ኻልቲ» አለች፣ «እናቴ ጎንደር ስንኖር ሸክላ የምትገዛው ከእናንተ ሴቶች ነበር። ዘምዘም እዚህ እንደመጣች ስታለቅስ ምን ሆንሽ ብዬ ጠየቅኳት። ሥጋ አትበላም፣ ክረምት ሲወጣ ወንዝ ወርዳ ትታጠባለች፣ ጨረቃ ትፈልጋለች ስትለኝ ገባኝ። እኔ ነኝ የነገርኳት። ሌባ አድርገሽ ያየሻት መስሏት ነበር የተቃጠለችው፤ ያን ቀን ቀለላት።»

«ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። ቡዳ ምናምን የሚል ወሬ ያነሳች አንዷን እዚሁ ግቢ ውስጥ ልትደበድባት ነበር። አሁን ያዘነችው ስለ ሥጋው አይደለም። ጣፈጠኝ ብለሽ ስላታለልሻት ነው። ሁለት ዓመት አብረን ተኝተን አላመነችኝም ትል ነበር። በየቀኑ በሩን ታያለች። ዛሬ ትመጣለች፣ ዛሬ ራሷ ትነግረኛለች ትላለች።»

«ታዲያ ዶሮዋን ለምን በእጇ አልሰጠችኝም?»

ሬሕማ መልሱን ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ ታስታውቃለች። ጨቀጨቅኳት። «ራሷ ከነገረችኝ በእጄ እሰጣታለሁ፣ ካልነገረችኝ ከሄድኩ በኋላ ስጫት፤ ፊት ለፊት አላሳፍራትም፤ ነው ያለችኝ» አለችኝ።

ሌላ የምትነግሪኝ አለ ያለችኝ ለዚያ ነበር! ዶሮዋ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቃ ካርቶን ውስጥ ተቀምጣ፣ እሷ ልትሰጠኝ ተዘጋጅታ፣ እኔ አንዲት ቃል አጥቼ።

«የራስሽ ሰው አግኝተሽ ታሳርጂያት ዘንድ ነው ከነሕይወቷ የገዛችልሽ» አለች ሬሕማ። «የሚያርድላት ሰው ከጠፋ ደግሞ እንቁላሏን ትብላ፣ እንቁላል አይታረድም ብላ አውራውን ትታ ቄቧን መረጠች። ለዓመት በዓልሽ ናት። ያቺ ጨረቃ ሳትወጣ ይድረሳት ብላለች።»

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። ሂሻም ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ ገባ። «ሬሕማ፣ እኔ ማዘንጊያ ነኝ!» እላለሁ፣ «ፈላሻ ነኝ፣ የእናቴ ልጅ ነኝ፣ ንቄያት አይደለም!» አረፈድኩ እንጂ አፌስ ተከፍቶ ነበር። ሬሕማ ራሴን ደረቷ ላይ አድርጋ «እሺ፣ እሺ ኻልቲ» ትለኛለች። ግን የበደልኩት ሬሕማን አይደለም። ሬሕማ ልትምረኝ አትችልም።

ሎሪውን ተከተል አልኩት ሂሻምን። በሪክሻ? አለኝ። እውነቱን ነው፤ የቀረን ቤንዚን ቤት ለመድረስ እንጂ ሎሪ ለመከተል አይበቃም። ስልክ የላትም። ዶሮዋን ታቅፌ ወደ ካላክላ ተመለስኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከተቃጠለ ነዳጅ ማደያ በላይ ጨረቃዋ ታየች። ቀጭን፣ ልትታይ የማትፈልግ የምትመስል። ሂሻም «የአዲሱ ወር ጨረቃ!» ብሎ ዱዓ አደረገ። እኔ ዓይኔን መለስኩ። ዓመቱ ከነበደሉ ገባ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሬሕማ በየመንገደኛው ታስጠይቅልኛለች። ገዳሪፍ ደርሰዋል ያለን አለ። መተማን ተሻግረዋል ያለን አለ። ሐርቡ ስለመግባቷ የነገረን እስካሁን የለም።

ዶሮዋ አልታረደችም። ማን ያርዳታል? እኔን ትተው የሄዱት ወገኖቼ፣ አይ፣ እኔ ትቻቸው የቀረሁት ወገኖቼ ባሕር ማዶ ናቸው፤ በዚህ ከተማ ቢላ የሚባርክልኝ አንድ ሰው የለኝም። ከሎሚው ዛፍ ሥር፣ ሥጋውን ከቀበርኩበት ላይ፣ አፈሩን ስትጭር ትውላለች። ማለዳ ማለዳ እንቁላል ትጥልልኛለች። እቀቅለዋለሁ፤ ጨው ነስንሼ ደፉ ላይ ተቀምጬ እየበላሁ ያንን በሪክሻ የተለማመድኩትን ለእሷ እነግራታለሁ፦ «ዘምዘም፣ እኔ ማዘንጊያ ነኝ። ቤተ እስራኤል ነኝ። ሥጋውን የቀበርኩት ንቄሽ አይደለም።» አንድም ቃል አይጠፋብኝም። ለዶሮ ሲሆን አፌ አይያዝም።